ሰንጢ ተከፍታ አታድርም

ታደለች ስትደርስ ልጁን ገና አልጨረሱትም ነበር። በዚያ ሰሞን በመርሳ ይሄ ራሱ እንደ ትልቅ ዕድል ይቆጠራል።

ሰዉ ክብ ሠርቷል። ከክቡ መሀል ዱላ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ አውድማ ላይ እህል የሚወቃ ይመስላል። ልዩነቱ፣ እህል አይጮህም። ምክትል ኢንስፔክተር ታደለች ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ረጅም ነው። «ዞር በል! አንተ ግንድ፣ ዞር በል ብያለሁ!» እያለች በሰው ብብት ስር ሾልካ ገባችና ልጁ ላይ ተደፋችበት። ጀምሮ የነበረ አንድ ዱላ መመለሻ አጥቶ ጀርባዋ ላይ አረፈ።

«ማነው የመታኝ?»

ማንም አልመታትም። ሕዝብ ሲማታ እጅ የለውም።

«ፀጉረ ልውጥ ነው፣ እትዬ ታደለች!» አለ ዓለምነህ እያለከለከ። ዓለምነህ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ጦርነቱ እንደገና ከተጫረ ወዲህ የሰፈሩ የጥበቃ ወጣቶች አለቃ ሆኖ፣ ብሎን ከመፍታት ሰው ማሰር ይቀናው ጀምሯል። «መታወቂያ የለውም። አያ አብዱልጀሊልን አርዶ ሲሮጥ ነው የያዝነው። ይልቀቁልን!»

«ለቅቄልህ ምን ልታደርገው?»

ዓለምነህ መልሱን በእጁ ይዞት ነበር እንጂ በአፉ አልነበረም። ዱላውን አየው። ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ጉም አለ። ሰዉ ለአፍታ አንገቱን ሰበረ፤ ታደለችም በዚያች አፍታ የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ገለጠቻቸው።

መዳፉ ውስጥ የቀንድ እጀታ ያላት ሰንጢ ነበረች። ታጥፋለች። ታደለች በጥፍሯ ከፈተቻት። ስለቷ ደም ነው፤ ስለቷ ገብቶ የሚተኛበት ስንጥቅም ደም ሞልቶታል፣ ገና አልረጋም።

ሰው አርዶ የሚሮጥ ሰው፣ ቆም ብሎ ሰንጢውን ያጥፋል? ወይ ልጁ ከሁሉ ይልቅ ጨዋ የሆነ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ወይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው።

«ብሩክ!» ብላ ረዳቷን ሳጅን ጠራችው። «ካቴና አምጣ።»

«ለሱ ነው አለቃ?»

«ለሁለታችሁ። አንዱን ለሱ፣ አንዱን ለራስህ እሰረው። የጣቢያው ቁልፍ አምና ተዘርፏል፤ ከዛሬ ጀምሮ የእስር ቤቱ በር አንተ ነህ።»

*

አያ አብዱልጀሊል ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሳይሆን ውስጥ፣ ከሚቀመጡባት ዱካ አጠገብ በጎናቸው ወድቀዋል። አንገታቸው ስር አንዴ፣ ደረታቸው ላይ ሁለቴ ተወግተዋል። ደሙ መሳያ ድንጋያቸውን ዞሮ፣ የወይራ ፍቅፋቂውን አርሶ፣ እስከ በሩ ደርሷል። ነጭ ቆባቸው ግን ከራሳቸው አልወለቀችም።

እኒህ ሰው የሰንጢ ሐኪም ነበሩ። የደነዘ ይስላሉ፣ የላላ ማጠፊያ ያጠብቃሉ፣ የተሰነጠቀ እጀታ በቀንድ ይተካሉ። የራሳቸውን ሰንጢዎች ደግሞ ኪስ ኪስ ባለው የቆዳ ጥቅል ውስጥ ደርድረው፣ እንደ ልጆቻቸው በስም ይጠሯቸው ነበር። ሱቃቸው ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ ሰንጢ ተከፍታ መሬት ላይ አትቀመጥም። «ተከፍታ የቀረች ሰንጢ ሰው ትጣራለች» ይላሉ። ረስቶ የተወ ደንበኛ፣ ሻለቃም ቢሆን፣ ጆሮ ግንዱን ይባላል። ታደለችም ራሷ አንዴ ቀምሳለች።

«ረሂማ» አለች በቀስታ።

ረሂማ የሟቹ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ሊሞላት ነው። በሩ ላይ ቆማ ታያለች እንጂ አታለቅስም። አምና ከተማዋ በተያዘች ጊዜ ታናሽ ወንድሟን ኢሕሳንን ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ተወግቶ አግኝተውታል። ወታደሮች ገደሉት ተባለ፤ ማን ይጠይቃል? ያኔ እንባዋን ጨርሳዋለች።

«ከጥቅሉ የጎደለች አለች?»

ረሂማ ጥቅሉን ዘረጋችው። አንድ ኪስ ባዶ ነው። ታደለች ደም የጠገበችውን ሰንጢ ስታሳያት፣ «እሷ ናት» አለች። «የዚች ኪስ ነው። ሌላ አልጎደለም።»

ታደለች ተንበርክካ የሟቹን ግራ ክንድ ገለጠች። አያ አብዱልጀሊል ስለት የሚፈትኑት በገዛ ክንዳቸው ፀጉር ነበር። ላጨ ማለት ተሳለ፤ ነጨ ማለት ገና ነው። ክንዳቸው ሁልጊዜ ላም እየዞረች የጋጠችው መስክ ይመስል ነበር። አሁን ከመስኩ ላይ አንዲት ጠባብ መስመር አዲስ ተላጭታለች፤ ቆዳው ገና ቀይ ነው። መሳያ ድንጋዩም ላይ ያለው ጥቁር አተላ እርጥብ ነው።

የገደለቻቸውን ሰንጢ ግን በጥፍሯ ስትፈትናት አልነከሰችም፤ ደንዛለች። ዛሬ የተሳለችው እሷ አይደለችም።

«ስለዚህ ሌላ ሰንጢ ነበረች» አለች ታደለች። «ከሰው ጋር መጣች፣ ተሳለች፣ ከሰው ጋር ሄደች።»

«ሰዓት እላፊ ሳይነሳ?» አለ ብሩክ ከበሩ። ዓሪፍን — ልጁ ስሙ ዓሪፍ ነው — እየጎተተ መጥቷል፤ ወይም ዓሪፍ እሱን።

ምስማር ላይ ሁለት ጨርቆች ተሰቅለዋል። መርሳ ላይ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ድንኳን ያለቅሳል፣ በአንድ ድንኳን ይድራል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ነው የሚበላው፤ ቢላውም እንደዚያው። አያ አብዱልጀሊል ይህን ስለሚያከብሩ የእስላሙን ሰንጢ በበግ ላት፣ የክርስቲያኑን በኑግ ዘይት ነበር የሚወለውሉት። የላቱ ጨርቅ ደርቆ ቆርፍዷል። የኑጉ ጨርቅ ርሷል፤ ላዩ ላይ ደቃቅ ሽበት ተጣብቆበታል።

የክንድ ፀጉር።

«ክርስቲያን ነው» አለች ታደለች ለራሷ፤ ማተቧን ነካ አድርጋ። «ከኛው ወገን ነው፣ ጉድ!»

«እኔ ሱብሂ እየሰገድኩ ነበር» አለች ረሂማ። «አባዬ ከሰው ጋር ሲያወራ ሰማሁ። ሰውየውን አልሰማሁትም። አባዬ ግን ጮክ ብሎ 'እሰይ፣ ተገኘች!' አለ። ደስ ብሎት ነበር። የጎረቤት በግ ጠፍታ ሰንብታ ነበርና እሷን መስሎኝ ሶላቴን ቀጠልኩ። ቀጠልኩ፣ እትዬ ታደለች። አባቴ ሲታረድ።»

«አብሽሪ፣ እህቴ። ከአላህ ጋር ነበርሽ።»

ታደለች ልትነሳ ስትል የሟቹ አንገት ላይ በቆዳ የተሰፋች ትንሽ ክታብ አየች። ገርሟት አፏን ያዘች። አያ አብዱልጀሊል ክታብ የሚያይ ዓይን አልነበራቸውም፤ «ሽርክ ነው፣ ባዕድ አምልኮ!» እያሉ የገበያውን ሁሉ ሲያስፈቱ ነው የኖሩት።

«ኢሕሳን ከሞተ ወዲህ ነው ያሰረው» አለች ረሂማ። «ብጠይቀው ተቆጣኝ።»

*

ዓሪፍ ከቆቦ የሸሸ ነው። መታወቂያው ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል፤ እናቱን መንገድ ላይ ቀብሯል፤ አሁን ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ያድራል። ይህን ሁሉ ሲናገር የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስላል።

«እሳቸውን ከየት አወቅሃቸው?»

«ትናንት በሱቃቸው ሳልፍ አዩኝ። መፋቂያ ፋቁልኝ። 'ነገ ሰዓት እላፊ ሲነሳ ና፣ ራስህ መፋቅ ላስተምርህ፤ የሚሠራ እጅ ቶሎ አያብድም' አሉኝ። ስመጣ...» ከንፈሩን በምላሱ ነካው፣ አመመው። «ሰንጢዋ መሬት ላይ ተከፍታ ነበር።»

«አንስተህ አጠፍካት።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት። ያበጠው ዓይኑ ሳይቀር የተከፈተ መሰለ። «እንዴት አወቁ? ትናንት ከፍቼ መሬት ብተዋት ጆሮ ግንዴን አሉኝ! 'ሰው ትጣራለች' አሉኝ። ዛሬ እሳቸው ወድቀው፣ እሷ ተከፍታ... ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም። የማውቃት ነገር እሷ ብቻ ነበረች። አጠፍኳትና ሰው ልጠራ ሮጥኩ። ወላሂ!»

ደጅ ላይ ድንጋይ የጣቢያውን ቆርቆሮ መታው። «አውጡልን!» ይላል ሕዝቡ። ብሩክ ካቴናውን አየ፣ ልጁን አየ፣ ታደለችን አየ።

«አለቃ፣ ሰዎቻችን ሁሉ ግንባር ናቸው። ያለነው እኔና እርስዎ ነን። ከመሸ ይገባሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ሲገቡ እሱን ብቻ ነጥለው የሚመቱ አይመስለኝም።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ብሩኬ። ለዚህ እኮ ነው ከእሱ ጋር ያሰርኩህ፤ ነቅተህ እንድትጠብቀው።»

ቀልዷን ተናግራ ወጣች። እስኪመሽ ገዳዩን ካላመጣች ይሄ ልጅ ይሞታል። ነገሩ ይኼው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

*

ከአያ አብዱልጀሊል ሱቅ ጋር ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀው የጋሽ ተፈራ ሱቅ ነው፤ ጓሯቸው አንድ ነው። ጋሽ ተፈራ ጨው፣ ሳሙናና ባትሪ ይሸጣሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሟቹ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወይራ ሲፍቁ፣ በሰንጢ ሲፎካከሩና ሲሰዳደቡ ኖረዋል። ታደለች ስትገባ ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«ወንድሜን ገደሉብኝ፣ ልጄ» አሉ። «ያንን አውሬ ምን አድርጋችሁት ነው?»

«ይዘነዋል። ጋሽ ተፈራ፣ አያ አብዱልጀሊልን መቼ ነው ያዩዋቸው?»

«ዓርብ። ከዓርብ ወዲህ ወገቤ ይዞኝ አልወጣሁም። ዛሬም ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ሰንጢዎን ሊያስሉ አልሄዱም?»

ጋሽ ተፈራ በምሬት ፈገግ አሉ። «የምን ሰንጢ? ዳማዬን አምና ወራሪ እንደወሰዳት ረሳሽው? ከዚያ ወዲህ እኮ ኪሴ ባዶ ነው። አብዱልጀሊል ራሱ ለሷ አብሮኝ አልቅሷል፣ ነፍሱን ይማርና።»

አዎ፣ ዳማን መርሳ ሁሉ ያውቃታል። ቀይ ዳማ የእንጨት እጀታ ያላት፣ ከአባታቸው የወረሷት፣ ስትከፈት ቀጭ ማለቷ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰንጢ ነበረች። ታደለች አጽናንታቸው ወጣች። አእምሮዋ ዓለምነህ ላይ ነበር።

ምክንያቷም ነበራት። ክርስቲያን ነው። ሰዓት እላፊ አይዘውም። ዓሪፍን ለመግደል ከሁሉ በላይ የቸኮለው እሱ ነው። በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት አያ አብዱልጀሊልን «የሰንጢ ጥቅልህን ለጥበቃው አስረክብ» ብሎ፣ ተሰድቦ ተባሯል።

ጋራዡ ውስጥ አገኘችው። «ሰንጢህን አምጣ።»

«እኔን? እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«የለም፣ ሽንኩርት ልልጥ ነው። አምጣ!»

አወጣት። ታደለች ክንዱን ይዛ ስለቷን በፀጉሩ ላይ ሳበችበት። አልላጨችም፤ ነጨችው እንጂ። ዓለምነህ «እሪ!» አለ። ደግማ ሳበችው፤ ደግሞ ጮኸ። ማንኪያ ብትሆን ትሻል ነበር። ዛሬ ድንጋይ የነካች ሰንጢ አይደለችም።

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«ግራና ኬላ! ወታደሮቹን ይጠይቁ፣ እስኪነጋ ከነሱ ጋር ነበርኩ። ያ ፀጉረ ልውጥ...»

«ኬላ ላይ ከነበርክ ሲገድል አላየኸውማ።»

«ሰንጢዋ እጁ ላይ ነበረች!»

«ተከፍታ ነበር ወይስ ታጥፋ?»

ዓለምነህ አፉን ከፈተ። አሰበ። «ታጥፋ» አለ ቀስ ብሎ። እሱም በዚያ ሱቅ ጆሮ ግንዱን የተባለ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲወድቅ ታደለች አየች። እንዲያም ሆኖ፣ ሰው ከገረፈ በኋላ ተሳሳትኩ ማለት ከባድ ነው። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ መኪናው ሆድ ገባ።

ታደለች ሄዳ ኬላውን ጠየቀች። እውነቱን ነበር። ቀኑ እየሄደ ነው፤ እጇ ላይም ምንም አልነበረም።

*

የእስላም ሬሳ አያድርም። ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በፊት ወንዶቹ አያ አብዱልጀሊልን ሊያጥቡ ጋረዱ። ትንሽ ቆይቶ ሼህ ኑርሁሴን፣ እጃቸው እንደራሰ፣ ታደለችና ረሂማ ወደቆሙበት ወጡ። ክታቧን ይዘዋል።

«ውሃ እንዳይነካት ብዬ ነው» አሉ። «ከባድ ናት። ወረቀት እንዲህ አይከብድም።»

ታደለች ረሂማን አየቻት። ረሂማ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ታደለች ተቀብላ ስፌቱን በጥርሷ በጠሰችው፤ ከቆዳው ውስጥ አንዲት ገብስ የምታክል የብረት ስባሪ መዳፏ ላይ ጠብ አለች። ሹል ናት። የስለት ጫፍ ናት።

ሼህ ኑርሁሴን ግድግዳውን ተደገፉ። «ያ አላህ! እሾህ ነው ብሎን ነበርኮ።»

«የምኑ እሾህ፣ አባ?»

«አምና ኢሕሳንን ስናጥብ። አብዱልጀሊል ልጁን በገዛ እጁ ነበር የሚያጥበው። ጎድኑ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ከአጥንቱ መሀል የሆነ ነገር በጥርሱ ነቅሎ አወጣ። 'ምንድነው?' አልነው። 'እሾህ ነው' አለ። ጉንጩ ውስጥ ከተታት። አጥቦ እስኪጨርስ አልተፋትም።»

ረሂማ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አሁን ለታደለች ዓመቱ ሁሉ ተገለጠላት። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ «ጫፏ የተሰበረ ሰንጢ ያለው ያምጣ፣ በነጻ እሞርድለታለሁ» እያሉ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ፣ ሐራ ድረስ፣ ሲሪንቃ ድረስ ሲሄዱ፣ ሰው ሐዘን አጃጃላቸው ብሎ ሳቀባቸው። ሰንጢ እየሰበሰቡ አልነበረም። አንዲት ሰንጢ እየፈለጉ ነበር። የወታደር ሰንጢ አለመሆኗን ያችን ስባሪ ባዩ ጊዜ አውቀዋል፤ የአገር ብረት ናት፣ የራሳቸው ድንጋይ የሳላት።

እና ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ «እሰይ፣ ተገኘች!» አሉ።

በግ አይደለችም። የጠፋች ሰንጢ ናት። ለወዳጃቸው ደስ ብሏቸው ነው የጮሁት። ከዚያ ሳሏት፣ ክንዳቸው ላይ ፈተኗት፣ በኑግ ዘይት ወለወሏት፤ ከዚያም አጠፏት። ሲያጥፏት ነው ስለቷ ማጠሯን ያዩት።

«ጠፋች የተባለች ሰንጢ...» አለች ታደለች። ቀሪውን አልጨረሰችውም። በጋራ ጓሮ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ለመሻገር የሰዓት እላፊ ፈቃድ አያስፈልግም።

ግን በምን ታረጋግጠው? ቤቱን ብትፈትሽ፣ ያንን ያህል ዕቃ ባለበት ሱቅ፣ አንዲት ሰንጢ የጨው ጆንያ ውስጥ ብትገባ ማን ያገኛታል? ወይራ ፍቅፋቂው ላይ ዓይኗ አረፈ።

«ረሂማ፣ አባትሽ የሰበሰቡት ጥሬ ወይራ አለ?»

*

ከቀብር መልስ ሸራ ተወጥሮ ሰዉ ተቀመጠ። ታደለች ዓሪፍን ጣቢያ ትታ መምጣት አልደፈረችም፤ ከብሩክ ጋር እንደታሰረ ሸራው ጥግ አስቀመጠችው። ሰዉ ጥርሱን አፋጨ፤ ዓለምነህ አንገቱን ደፍቶ መሬት ጫረ። ጋሽ ተፈራ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሼህ ኑርሁሴን አጠገብ፣ ከሁሉም በላይ የተጎዳ ሰው መስለው ተቀምጠዋል።

ረሂማ እቅፍ ሙሉ የወይራ ጭራሮ ይዛ መጣች። «አባዬ እንግዳ እጁ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ አይወድም ነበር» ብላ ለያንዳንዱ አንዳንድ ሰጠች።

መርሳ ላይ ትኩስ ወይራ ይዞ ዝም የሚል እጅ የለም። ሰንጢ በየኪሱ ቀጭ ቀጭ አለ። ልጣጭ መውረድ ጀመረ፤ ለአያ አብዱልጀሊል ከዚህ የተሻለ ለቅሶ አልነበረም። ጋሽ ተፈራ ብቻ ጭራሮዋን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያሻሿታል። ታደለች ዓይኗን ከጣቶቻቸው አልነቀለችም። ሰውየው ብልጥ ናቸው።

ያኔ ከወልድያ በኩል ሰማዩ የተቀደደ መሰለ። አንድ፣ ከዚያ ተከታታይ። ከእስካሁኑ ሁሉ የቀረበ ነበር። ሸራው ተንቀጠቀጠ፤ ሴቶቹ ጮኹ፤ ሰዉ ሁሉ ዘወር ብሎ ወደ ሰሜን አየ። «ሲሪንቃ ደርሰዋል እንዴ?» አለ አንዱ።

ታደለች አልዞረችም። እጅ እጁን ታይ ነበር። የፈራ እጅ የለመደውን ይሠራል።

ጋሽ ተፈራ አንገታቸውን አስግገው ሰሜኑን እያዩ፣ ጣቶቻቸው ለብቻቸው ከጋቢው ስር ሰንጢ አውጥተው ጭራሮዋ ላይ ሄደው መጡ። ከጉልበታቸው ላይ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት የሳሳ የወይራ ልጣጭ ተጠቅልሎ ወደቀ። ከዚያ ሌላ። እንዲያ የሚያሳሳ ዛሬ የተሳለ ስለት ብቻ ነው።

«ጋሽ ተፈራ» አለች ታደለች። «እንኳን ዳማ ተገኘች።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ሰውየው ጎንበስ ብለው የራሳቸውን እጅ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት።

«ይቺ... ሌላ ናት።»

«እስቲ ይጠፏት።»

አጠፏት። ምን ያድርጉ፣ ሰዉ ሁሉ ያያል። ስለቷ ገብታ ስትተኛ እስከ ስንጥቁ ጫፍ አልደረሰችም። ጫፉ ላይ ባዶ ቦታ ቀረ፤ ገብስ የምታክል። ታደለች ስባሪዋን ከመዳፏ አንስታ ባዶው ላይ አጋደመቻት። እንደ ወለቀ ጥርስ ድዱ ላይ ገጠመች።

«ይቺ ከኢሕሳን ጎድን የወጣች ናት» አለች። «አያ አብዱልጀሊል አንገታቸው ላይ አስረው ዓመት የፈለጓት።»

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርበት። ተፈራ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አምና ሁላችሁም ፈርታችኋል!» አለ። «እኔ ብቻ ነኝ የፈራሁት? ወራሪዎቹ መሣሪያ ያለበትን ቤት አሳየን አሉኝ፣ አሳየሁ። ልጁ ከነሱ ጋር አየኝ። ሊናገርብኝ ነበር!»

«አባቱስ?» አለች ታደለች። «ለምን ሰንጢዋን ይዘህለት ሄድክ?»

ተፈራ በሚገርም ሁኔታ የተከፋ ሕፃን መሰለ። «ደነዘችኮ። ዓመት ሙሉ ተደብቄ ነው የፋቅሁባት። ጫፏን ራሴ ሞረድኳት፣ አበላሸኋት። ከሱ በቀር ማን ያውቅበታል? ወታደር ጥሏት ሄዶ አገኘኋት አልኩት። ሳቀ፣ ሳላት፣ አጠፋት። ከዚያ ስንጥቁን ትኩር ብሎ አየው። 'ተፌ፣ ጫፏን የት ነው የተውካት?' አለኝ። እንዴት እንዳየኝ ብታዩት! ዳማ እጁ ውስጥ ነበረች፤ ከጥቅሉ ያገኘኋትን ሰንጢ አነሳሁ።»

ረሂማ የቀራትን ወይራ ፊቱ ላይ ወረወረችው። «የኛን እንጀራ በልተህ!» ብላ ተንደረደረችበት። ዳማ ቀጭ አለች።

ታደለች እጇ ሽጉጧ ጋ ሳይደርስ ስለቱ ወደ ረሂማ አንገት ሄደ። አልደረሰም። ዓሪፍ ከጥግ ተወርውሮ መሀል ገባ፤ ብሩክም ከሱ ጋር ስለታሰረ እንደ ጆንያ ተከትሎት በረረ። ስለቷ በዓሪፍ መዳፍ ገብታ በወዲያ በኩል ወጣች። ልጁ አልጮኸም፤ ጠዋት ጩኸቱን ጨርሷል። እጁን ሰብስቦ ጨበጣትና ጠመዘዘ፤ ዳማ ከባለቤቷ እጅ ወጥታ መሬት ወደቀች።

ከዚያ ሰዉ ተነሳ። ወይራው፣ ዱላው፣ ጫማው፣ ሁሉም ተፈራ ላይ ዘነበ። ጥርስ ሲሰበር ተሰማ። ሼህ ኑርሁሴን «በአላህ! በአላህ!» ይላሉ፤ ማን ይሰማቸዋል። ታደለች አንዴ ወደ ሰማይ ተኮሰች፤ በዚያ ቀን መርሳ ላይ አንድ ጥይት ምን ያስደነግጣል? ስለዚህ የለመደችውን አደረገች። በብብታቸው ስር ሾልካ ሄዳ፣ የምትጸየፈው ሰው ላይ ተደፋች። አንድ ዱላ፣ ልክ የጠዋቱ ቦታ ላይ፣ ጀርባዋን አቀለጠው።

«ማነው የመታኝ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ዓለምነህ። ዱላውን ጣለ። «ጠዋትም እኔ ነበርኩ።»

ዱላዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ከታደለች ስር ተፈራ ደም እየተፋ ያቃስታል፤ በሕይወት አለ፣ ተጠያቂ ሊሆን።

መሀል ላይ ዳማ ተከፍታ ወድቃለች። ሁሉም አያት። እዚያ ከነበረው ሰው ግማሹ በተከፈተች ሰንጢ ጉዳይ ጆሮ ግንዱን የተባለ ነው፤ አንድም እጁን የዘረጋ አልነበረም። ዓሪፍ ጎንበስ አለ። ብሩክም አብሮ ጎንበስ አለ፣ ምን ምርጫ አለው። ልጁ በደህናው እጁ ሰንጢዋን አነሳ፣ በጭኑ ላይ ደገፋትና ቀጭ አድርጎ አጠፋት።

ታደለች «ተው፣ ማስረጃ ናት!» ልትል ነበር። አፏን ከሰንጢዋ ጋር አብራ ዘጋችው።

ዓለምነህ ሸሚዙን አወለቀ። ተንበርክኮ፣ ልጁን ቀና ብሎ ሳያየው፣ የተበሳውን መዳፍ ማሰር ጀመረ።